ቁምሳጥኑ የማን ክፍል ውስጥ ይቁም?



ዛሬ ስለ ቁምሳጥን ልንነጋገር ነው ቢባሉ ይገረሙ ይሆናል። ስለ ሶላት፣ ስለ ጾምና ስለ ዘካ በሚጻፍበት ገጽ ላይ የቤት ዕቃ ምን ይሠራል? ይሁን እንጂ በጠባብ ቤት ልጆች ያሳደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የቤቱን አደብ ከሚጠብቁትም ከሚያበላሹትም ነገሮች አንዱ ይኸው ባለ ሦስት በር ሣጥን ነው።

እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ቤተሰቦችን ከግቢ ቤት ወደ ፎቅ አውጥቷል። ግቢ ቤት ሲኮን ጓዳ ነበር፣ ከዋናው ቤት ጀርባ የተቀጠለች ክፍል ነበረች፣ ካስፈለገም ሻንጣና ሣጥን የሚቀመጥበት ጎረቤት አይጠፋም። ፎቅ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ባለ ሁለት መኝታ ቤት የደረሰው ወይም የተከራየ ሰው አንዱን መኝታ ለራሱና ለባለቤቱ ያደርጋል፤ ሁለተኛው የልጆች ነው። ልጆቹ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ናቸው እንበል።

ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሶላት እንዲታዘዙ፣ አሥር ሲሞላቸው ደግሞ መኝታቸው እንዲለያይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ ያስተምረናል። ስለዚህ ወንዱ ልጅ አሥር ሲሞላው ወደ ሳሎን ይወጣል። ማታ ማታ ፍራሽ ይዘረጋለታል፣ ጠዋት ይነሣል። ወላጆችም ግዴታችንን ተወጣን ብለው አልሐምዱሊላህ ይላሉ።

ልጁ ከክፍሉ ወጣ፤ ልብሱ ግን አልወጣም። ምክንያቱም የቤቱ ትልቅ ቁምሳጥን የቆመው እህቶቹ ክፍል ውስጥ ነው። ለሱብሒ ሲነሣ ጀለቢያውን ፍለጋ ይገባል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዩኒፎርሙን ሊቀይር ይገባል። ከዒሻ በኋላ የመኝታ ልብሱን ሊያወጣ ይገባል። እስቲ ሱረቱ-ን-ኑር 58ኛውን አንቀጽ ያስታውሱ። አላህ (ሱ.ወ.) ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች እንኳ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ያዘዘባቸው ሦስት ጊዜያት ከሱብሒ በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ ናቸው። እነዚህ ሰዓቶች ሰው ልብሱን የሚያወልቅባቸውና የሚቀይርባቸው ናቸው። እኛ ደግሞ ልብሱን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈን፣ ልጁ በእነዚያው ሰዓቶች እንዲገባ እናስገድደዋለን።

አንቀጹ ወላጆችን እንጂ እህትን አይመለከትም የሚል ሊኖር ይችላል። ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ በእርሱ ኃላፊነት ሥር ስለሚኖሩ እህቶቹ ኢብን ዐባስን (ረ.ዐ.) እንደጠየቁና በእነርሱ ዘንድም ሊያስፈቅዱ እንደሚገባ እንደተነገራቸው ኢማም አል-ቡኻሪ «አል-አደብ አል-ሙፍረድ» በተሰኘው ኪታባቸው ዘግበውታል። ዐጣእ የማሳድጋቸው እኔ ነኝ ብለው ደግመው ቢጠይቁም መልሱ አልተለወጠም።

በእኔ አስተያየት እንግዲህ የቁምሳጥን ምርጫ የሚጀምረው ስንት ልብስ ይይዛል ከሚለው አይደለም። ልብሱን ለማውጣት ማን ወደ ማን ክፍል ይገባል? መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ልጁን «አንኳኳ» እያልን ስንመክር እንውላለን፤ ካልሲው እዚያ እስካለ ድረስ ግን በቀን አሥር ጊዜ መግባቱ አይቀርም። በአሥራ አንደኛው ማንኳኳቱን ይረሳል። ስለዚህ ባለ 180 ሴንቲ ሜትር አንድ ትልቅ ቁምሳጥን ለማሠራት ያሰቡ ሰው ያንኑ እንጨት ለሁለት ቢያስከፍሉት ይሻላል፤ ሰፊው ለሴቶቹ ክፍል፣ ጠባቡ ለሳሎኑ ወይም ለኮሪደሩ።

ለወንዱ ልጅ የሚሆነው ጠባብ ቁምሳጥን ውስጡ 50 ሴንቲ ሜትር ወርድና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ይበቃል። የልብስ መስቀያ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እንደተለመደው ዘንጉን ከጎን ወደ ጎን ካስገቡት ጥልቀቱ ከ55 እስከ 60 መሆን አለበት። ዘንጉ ከኋላ ወደ ፊት ከሆነ ግን ልብሱ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይሰቀላል፤ 40 ይበቃዋል። አሥር ያህል ልብስ ይይዛል። ለአንድ ልጅ አሥር ልብስ አነሰ የሚል ካለ ስለ ቁምሳጥን ሳይሆን ስለ ኢስራፍ ብንነጋገር ይሻላል።

አሁን ወደ ሴቶቹ ክፍል እንግባ፤ አስፈቅደን። ክፍሉ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 2 ሜትር ከ80፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ 3 ሜትር ነው እንበል። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ተደራራቢው አልጋ ባለ 90 ነው፤ የምሥራቁን ግድግዳ ይዞ ቆሟል። የቀረው ወለል 190 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፊት ለፊቱ፣ በምዕራቡ ግድግዳ፣ 60 ጥልቀት ያለው ቁምሳጥን ሲቆም 130 ይቀራል። አንድ መስገጃ ወርዱ 70 ያህል ስለሆነ ሁለት መስገጃ ጎን ለጎን 140 ይፈልጋል። አልበቃም ማለት ነው። ጥልቀቱን 40 ቢያደርጉት ግን 150 ይተርፋል፤ እናትና ልጅ፣ ወይም ሁለቱ እህትማማቾች፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ይሰግዳሉ። ተራ እየጠበቁ ከመስገድ የሚያድናቸው ሃያ ሴንቲ ሜትር ነው።

አባያና ጅልባብስ የት ይሰቀላል? ረጅም ልብስ ከዘንጉ እስከ ታች 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይፈልጋል። አልጋው 190 ርዝመት ስላለው በ3 ሜትሩ ግድግዳ ላይ 110 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። የክፍሉ በር እዚያ ካልሆነ በስተቀር፣ 60 ጥልቀት ያለው መስቀያ ከአልጋው ግርጌ፣ በደቡቡ ማዕዘን ቢቆም ማንንም አይነካም። ሒጃብ፣ ሹራብና የቤት ልብስ ታጥፎ 40 ጥልቀት ባለው መደርደሪያ ይገባል። ቁምሳጥኑን በሰሜን ግድግዳ ከማቆም ግን ይቆጠቡ። አንዷ ስትሰግድ ሌላዋ ቀሚስ ለማውጣት በፊቷ ማለፏ ነውና። መስታወትም ከበሩ ውስጠኛ ገጽ ቢለጠፍ ሰጋጅን አያዘናጋም።

ስለ በሩ ብዙ ሰው ተንሸራታቹን ያደንቃል። እኔ ብዙም አልወደውም። ሐዲዱ ከጥልቀቱ ላይ ወደ ስምንት ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፣ ወለሉ ካልተስተካከለ በሩ ይወጣል፣ ሁልጊዜም የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። 35 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጠባብ ተከፋች በሮች ይሻላሉ። ገንዘብ ካጠረም ወፍራም መጋረጃ ምንም ነውር የለውም።

ከላይ እስከ ጣሪያው ያለውን ቦታ ባዶ አይተዉት። ብርድ ልብሱ፣ ቡልኮውና ከገጠር ለሚመጣ ዘመድ የሚነጠፈው እዚያ ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሙስሊም ዘገባ ስለ ምንጣፍ ሲናገሩ አንዱን ለባል፣ አንዱን ለሚስት፣ ሦስተኛውን ለእንግዳ አድርገው፣ አራተኛውን የሸይጧን ነው ማለታቸው ይታወሳል። ለእንግዳው ቦታ እንዲኖረው፣ ከአራተኛው ዓይነት ዕቃ የትኛው እንደሚወጣ ከአናጢው በፊት ከባለቤትዎ ጋር ይማከሩ።

የሚሠራበት ችፑድ ከሆነ ውሃ ጠላቱ ነው፤ ወለል በታጠበ ቁጥር ከታች ያብጣል። አሥር ሴንቲ ሜትር እግር ያሠሩለት፤ ሥሩ ለጫማም ይሆናል። ከውጭ ግድግዳ ጥቂት ጣት ያርቁት፣ በክረምት እርጥበት ይይዛልና። ረጅምና ጠባብ ቁምሳጥን ደግሞ ሕፃን መሳቢያውን እንደ ደረጃ ሲወጣበት ይወድቃል፤ ከግድግዳ ጋር መታሰር አለበት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ምስማር አይይዝበትም። ለባዶ ብሎኬት የተሠራ ማሰሪያ ያስገዙ፣ ወይም የኮንክሪት ምሰሶ ካለ እዚያ ላይ ይታሰር።

አናጢው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ ይለኩለት። በብሎን የሚፈታና የሚገጠም ካልሆነ፣ 2 ሜትር ከ40 የሆነ ሣጥን አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ሁለተኛው ላይ ይቀራል።