ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ መውለድ ይቻላልን?



ይህን ጽሑፍ ባልና ሚስት ሆነን ያዘጋጀነው የግል ጓዳችንን ለማውጣት ፈልገን አይደለም። እኛን ያስጨነቀን ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ እየሆነ መምጣቱን ስላየን ነው።

የመጀመሪያ ልጃችን ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደሴ ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ በኦፕራሲዮን ተወለደ። ከሐይቅ በሌሊት በአምቡላንስ ሄደን ስንደርስ ልጁ በመቀመጫው መምጣቱ ተነገረን። ፈርመን ገባን፤ ልጃችንን ታቅፈን ወጣን፤ አልሐምዱ ሊላህ። በዚያ ደስታ መሐል ማሕፀኑ በየት በኩል እንደተከፈተ እኛም አልጠየቅን፣ የነገረንም አልነበረም። የተሰጠችንን አንዲት ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር ሳጥን ውስጥ አኖርናት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አገራችን ሲመጣ ልጃችንን አዝለን ሸሸን። ስንመለስ ሳጥኑ ተሰብሮ አገኘነው። ያን ጊዜ ያዘንነው ለልብሱና ለዕቃው ነበር። ወረቀቷ ትዝ ያለችን በ2016 ዓ.ም. ለሁለተኛው እርግዝና ክትትል ስንሄድ አዋላጇ ነርስ፣ "የኦፕራሲዮኑ ወረቀት የታለ?" ብላ ስትጠይቀን ነው። ወደ ወለድንበት ሆስፒታል ሄደን ካርዳችንን አስፈለግን። እሱም ከጦርነቱ ወዲህ አልተገኘም።

ወሬው በዘመድ መሐል ሲሰማ ምክሩ በዛ። ከውጫሌ የመጡት እማ፣ "እኔ ሰባቱንም እቤቴ ነው የተገላገልኩ፤ እሷም አላህ ካለ አምጣ ትወልዳለች" አሉ። አንድ አጎታችን ደግሞ፣ "አንዴ የተጠቀመ ስልቻ ሲሞሉት በስፌቱ ነው የሚቀደድ" ብለው አስደነገጡን። ለቡና የተሰበሰቡ ጎረቤቶች፣ "ያቺ ሳታምጥ የወለደችው" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ግን ለእናትየው ቀልድ አልነበረም። እቤታችንም ስምምነት ጠፋ። ከሁለታችን አንዱ በፍርሃት ኦፕራሲዮኑ ይደገም አለ፤ አንዷ በምጥ ልሞክር አለች።

የሚያስፈራው ነገር አንድም የሚያውቅ ሰው በአጠገባችን አለመኖሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ከ100 ወሊድ በኦፕራሲዮን የሆነው 2 ያህሉ ብቻ ሲሆን በአዲስ አበባ ግን 21 ያህል ነበር። እንግዲህ በገጠሩ ምክር የሚሰጠው ሁሉ ከወሬ በቀር ምን ይዞ ይመክራል?

ስለዚህ የማናውቀውን ከሚያውቁት እንድንጠይቅ የታዘዝነውን ይዘን ደሴ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዱን። ከሆድ ላይ የሚታየው ጠባሳ ማሕፀኑ በየት እንደተከፈተ አይናገርም። ዋናው ነገር የውስጡ ነው። ማሕፀኑ በታችኛው ክፍል አግድም ከተከፈተ ስፌቱ ጠንካራ ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ ጠባሳ ኖሯቸው በምጥ ከሚሞክሩ 100 እናቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። የስፌቱ መተርተር ከ200 ሴቶች በአንዷ ገደማ ይደርሳል፤ ከደረሰ ግን እናትና ልጅን የሚያድነው ፈጥኖ የሚደረግ ኦፕራሲዮን ነው። ከላይ ወደ ታች በቁመት የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ምጥ አይሞከርም።

"ኦፕራሲዮኑ ቢደገምስ?" አልናቸው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ደም መፍሰስ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ ዘግይቶ ማገገም። በተደጋገመ ቁጥርም በቀጣዩ እርግዝና እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረቱ አደጋ ይጨምራል። ብዙ ልጅ ለምንመኝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአጎታችን የስልቻ ነገር በሐኪሞችም ዘንድ የቆየ ኖሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ኤድዊን ክራጊን የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪም አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁልጊዜም በዚያው ትወልዳለች ማለታቸው ለብዙ ዘመን እንደ ሕግ ተይዞ ነበር። በዚያን ጊዜ ማሕፀን ይከፈት የነበረው በአብዛኛው በቁመት ነበርና። አከፋፈቱ ከተለወጠ በኋላ በ1980 አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለተመረጡ እናቶች ምጥ ሊሞከር እንደሚችል ተስማሙ።

ወረቀት ስለሌለን ሐኪሟ በጥያቄ መረመሩን። ልጁ ወሩን ጨርሶ ነበር? አዎ። ምጥ ጀምሮ ነበር? አዎ። ስንት ጊዜ ሆነው? ከሦስት ዓመት በላይ። "በዚህ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በታች በኩል ነው፤ የአሁኑም ልጅ በጭንቅላቱ መጥቷል። ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ አልላችሁም" አሉን። ምጡ የሚሞከረው ቀዶ ሐኪም፣ ማደንዘዣና ደም ሌት ተቀን በተዘጋጀበት ሆስፒታል ብቻ መሆኑን አጥብቀው ነገሩን። እቤት መቆየት፣ ምጥ ያፋጥናል ተብሎ ተልባም ሆነ ሌላ ነገር መጠጣት የለም።

ሶላተል ኢስቲኻራ ሰገድን። አንድ ሼኽም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ያሰበውን ሰው በቅድሚያ እንዲያስራት እንዳዘዙት አስታወሱን። የመርየምን (ዐለይሃ ሰላም) ታሪክም አነሱልን። ቁርኣን የምጧን ጭንቅ አልደበቀም፤ ውሃና ተምር እንደቀረበላትም ይነግረናል። ምጥ ክብር አለው፤ ሳታምጥ የወለደች እናትነቷ ጎደሎ ነው የሚል ግን በዲናችን የለም። ይህን ስትሰማ እናትየው አለቀሰች።

ግመላችንን እንዲህ አሰርን። በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ይዘጋ ስለነበር ቀኑ ሳይደርስ ደሴ አክስታችን ቤት ገባን። ደም የሚለግሱ ሁለት ወንድሞችም አዘጋጀን።

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ከፈጅር ሶላት በኋላ ምጡ መጣ። እስከ ዐስር ድረስ ደህና ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። የልጁ የልብ ምት ሲደክም ሐኪሟ፣ "ከዚህ በላይ አንጠብቅም" አሉ። ያለ ክርክር ፈረምን። ሴት ልጅ ተወለደች። ሐኪሟ ሲወጡ፣ "የቀድሞው ስፌት በታች በኩል ነው፤ ሳስቷል እንጂ አልተተረተረም" አሉን። ሦስት ዓመት የጠፋብን መልስ በዚያች አንድ ዐረፍተ ነገር ተመለሰ።

ታዲያ ያ ሁሉ ምጥ ከንቱ ነበርን? አይደለም። የመጀመሪያው ጊዜ ሳናውቅ ተወሰነልን፤ በዚህኛው ግን እያንዳንዱን ደረጃ ዐውቀን ሄድን። ጎረቤቶችም አሁን ስለ ምጥ አይቀልዱም፤ ይጠይቁናል።

ከሆስፒታል ስንወጣ ማሕፀኑ በየት በኩል፣ ለምን እና መቼ እንደተከፈተ አስጽፈን ሦስት ኮፒ አስነሣን። አንዱ እኛ ዘንድ፣ አንዱ ደሴ አክስታችን ዘንድ ነው። ሦስተኛውን እማ ከቁርኣናቸው ጋር በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ውጫሌ ወሰዱት። "ለሦስተኛው ልጅ ያስፈልጋል" ሲሉ ሁላችንም ሳቅን።

እህት ወንድሞች! በኦፕራሲዮን የተወለደ ልጅ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁ የት እንዳለ ዛሬውኑ ፈልጉ።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።