የሜዳሊያው ሂሳብ

ኦሎምፒክ በመጣ ቁጥር ሰፈራችን ክርክር አያጣም። «አንተ፣ ሜዳሊያ ይጠጣል እንዴ?» ይሉኛል ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን፣ ስንጠብቃት የሰነበተችውን የቧንቧ ውሃ በቢጫው ጄሪካን እየቀዱ። «መንግሥት ለሩጫ የሚያወጣውን ለዚህ አያውለውም?»

እውነታቸውን ነው። ግን እንግሊዞችን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ያገኙት ወርቅ አንድ ብቻ ነበር፤ በኃይሌ ገብረሥላሴና በፋጡማ ሮባ ሁለት ወርቅ የወሰደችው ኢትዮጵያ በሠንጠረዡ በልጣቸዋለች። ደነገጡና የሎተሪ ገንዘብ አፈሰሱበት፤ በ2012 በገዛ አገራቸው 29 ወርቅ አፈሱ። ገንዘብ ሜዳሊያ ይገዛል ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ውድድሩን የሚያየውን ሰው ግን ከወንበሩ ያስነሳዋል ወይ? እሱ ሌላ ሂሳብ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ሯጮቹን ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው የበቆጂ ከተማ ናት። የነበራት ምን ነበር? ከፍታዋ፣ ብርዷና ልጆቹን ጎህ ሲቀድ ሜዳ የሚያወጣ የስፖርት መምህር፣ ስንታየሁ እሸቱ። የመምህር ደመወዝ እኮ የሕዝብ ገንዘብ ነው! ጥቂት ናት፤ ግን ቦታዋን አግኝታለች።

ስለዚህ ጎረቤታችንን እንዲህ አልኳቸው፦ ገንዘቡ ለአጃቢ ባለሥልጣን አበልና ለአውሮፕላን ቲኬት ከሆነ ቧንቧው ይቅደም። ለወረዳ ትምህርት ቤት ሜዳና ለአሰልጣኝ ከሆነ ግን አይቆጨኝም፤ ሜዳሊያው ቢቀር እንኳ ልጆቹ ሮጠውበታል።