«ጋሼ» አትበሉኝ

ከባንክ ወጥቼ መካኒክ መሆኔን የሚሰማ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ምን አጥፍተህ ነው?» በእኛ አገር ከረባት ያሰረ ሰው በገዛ ፈቃዱ ቱታ ይለብሳል ብሎ የሚያስብ የለም። ወይ ገንዘብ ጎድሎበታል፣ ወይ ከአለቃው ተጣልቷል። እናቴ እንኳ እድር ላይ ስለ እኔ ስትጠየቅ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ባንክ ነው» እያለች ታልፍ ነበር።

እውነቱ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የምሠራው ብድር ክፍል ነበር። ለመያዣ የሚቀርቡ መኪኖች ሰነድ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል፤ ሊብሬ፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የዋጋ ግምት። ስንትና ስንት ብር ስለሚያወጣ መኪና አስተያየት ስጽፍ ውዬ አንድም ቀን ኮፈን ከፍቼ አላውቅም። ነገሩ ከጉጉት ጀመረ። ቅዳሜ ከሰዓት ቄራ አካባቢ ካለ አንድ ጋራዥ ሄጄ መቆም ለመድኩ። ቆይቶ የሳምንቱ ሌሎች ቀኖች ቅዳሜን መጠበቂያ ብቻ ሆኑብኝ።

ከመልቀቄ በፊት ያስጨነቀኝ ገንዘቡ ነበር። የባንክ ሠራተኛን ይዞ የሚያስቀረው ደመወዙ አይደለም፤ በዝቅተኛ ወለድ የሚያገኘው የቤትና የመኪና ብድር ነው። አንዴ ከወሰዱት በኋላ ሥራ መልቀቅ ማለት ወይ ዕዳውን መዝጋት ወይ እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ወለዱን መሸከም ነው። እኔ ብድሩን ሳልነካ፣ ለአንድ ዓመት ኪራይና አስቤዛ የሚበቃ አጠራቅሜ ወጣሁ። ስለዚህ ገንዘብ አልፈተነኝም። የፈተነኝ ፈጽሞ ያልጠበቅኩት ነገር ነው፤ መከበር።

ያስተማረኝ መካኒክ በዕድሜ በብዙ ያንሰኛል። በልጅነቱ ዕቃ በናፍጣ እያጠበ ጀምሮ፣ ዛሬ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ካንዴላው እንደደከመ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «ጋሼ» አለኝ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ረዳት ሆኜ ገብቼ ወንበር ያቀርቡልኛል። ጎማ ስሸከም ከእጄ ይቀበሉኛል። ብሎን አጣምሜ ካሰርኩ «ይተዉት ጋሼ» ብለው ራሳቸው ፈትተው ያስሩታል። ከእኔ ጋር የገባውን ወጣት ግን ይጮኹበታል፤ ያሰረውን አስፈትተው እንደገና ያሳስሩታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ልጁ የፍሬን ሸራ ብቻውን መቀየር ቻለ። እኔ ግን ገና «የ12 ቁልፍ አምጣ» ለሚለው ሰው ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ።

ምክንያቱ የገባኝ ያኔ ነው። ታላቅን በሰው ፊት ማረም በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የማይታረም ሰው ደግሞ አይማርም። አንድ ማታ መካኒኩን ለብቻው ጠርቼ «ከነገ ጀምሮ አንተ በለኝ፤ ሳበላሽም እንደ ልጁ ተቆጣኝ» አልኩት። ሳቀ። «እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች» አለ። በመጨረሻ ተስማማን፤ ከግቢው ውጭ ጋሼ፣ ከመኪና ሥር አንተ።

ሙያውን የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ደንበኛ ሙቀቱ እየጨመረ ያስቸገረውን ኮሮላ ይዞ መጣ። ሌላ ቦታ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይወርዳል» ተብሎ ደንግጧል። እኔም ካነበብኩት ተነስቼ አስተያየት ልሰጥ ስል መካኒኩ «ዝም በል! ከርካሹ ጀምር!» ብሎ ጮኸብኝ። ውሃው፣ የራዲያተሩ ክዳን፣ ቺንጊያው፣ ቬንቲሌተሩ፣ ቴርሞስታቱ፤ ቴስታታ የሚነካው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ክዳኑን ስንከፍት ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክዳኑ ግፊት አምቆ ካልያዘ ውሃው ቶሎ ፈልቶ ይወጣል። ክዳን ተቀየረ፣ መኪናው ተፈተሸ፣ ሰውየው ሄደ። «ጋሼ» እየተባልኩ ብቆይ ኖሮ ያ ጩኸት አይደርሰኝም ነበር፤ ቅደም ተከተሉንም እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር።

የእጅ ሙያን መናቅ በእኛ አገር ሥር የሰደደ ነው። ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። መኪናው በዛ፤ አዋጁ ተረሳ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት የዚሁ ንቀት ሌላ ገጽ ነው። ቢሮ የተቀመጠን ሰው ያለ ልክ ስለምናከብረው እንዳይማር እናደርገዋለን፤ በእጁ የሚሠራውን ስለምንንቀው ደግሞ የሚያውቀውን አንጠይቀውም።

አሁን ወረፋው ተገልብጧል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እኛም ጋ መምጣት ጀምሯል። ካንዴላ የለው፣ የሞተር ዘይት የለው፣ ፍሪሲዮን የለው። በብርቱካናማው ገመድ ውስጥ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍ በእጅ ዳስሶ መገመት አይቻልም። መመሪያው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ እኔ አነባለሁ፣ ያስተማረኝ መካኒክ ይጠይቃል፤ ሲሳሳት አርመዋለሁ። ለዓመታት አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው ቁጭ ብሎ ይታረማል። ይህን ማድረግ የማይችሉ ጎበዝ መካኒኮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራ እንደሚፈቱ አልጠራጠርም።

ከቢሮ ወጥታችሁ ወደ እጅ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ቅዳሜያችሁን ለሙያው ስጡት። የዓመት ቀለብ ያዙ፤ የሠራተኛ ብድር ውስጥ ከገባችሁም ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። ከዚያ የሚቆጣችሁ ታናሽ ፈልጉ። ቁጣውን የማትችሉት ከሆነ ግን በያዛችሁት ሥራ ብትቆዩ ይሻላችኋል።