በመምሰልና በመሆን መካከል

ልጁን አይተን «አባቱን ይመስላል» እንላለን። ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ «ሊዘንብ ይመስላል» እንላለን። የመጀመሪያው የመልክ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የግምት። አማርኛችን ግን ሁለቱንም ከአንድ ግስ ይቀዳቸዋል። ምስልም፣ ምሳሌም፣ አምሳያም፣ አስመሳይም የዚያው ምንጭ ውኃዎች ናቸው። ይህን የቋንቋችንን ጠባይ ልብ እንድለው ያደረገኝ ከሥራ መልስ በምሽት የምማረው ኮሪያኛ ነው።

ኮሪያውያን «ሊዘንብ ይመስላል» ለማለት ሲሹ «ቢጋ ኦል ገት ጋታዮ» ይላሉ። «ቢ» ዝናብ ነው፤ «ጋ» የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት የምታመለክት ቅጥያ ናት። «ኦል» ገና የሚመጣ፣ «ገት» ነገር፣ «ጋታዮ» ደግሞ ይመስላል ማለት ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ዝናብ የሚመጣ ነገር ይመስላል» እንደ ማለት ይሆናል። በ«ኦል» ፈንታ «ኦን» ቢገባ የዘነበ ይመስላል፤ «ኦንን» ቢገባ እየዘነበ ያለ ይመስላል። በመዝገበ ቃላት «ጋትታ» ተብሎ የሚገኘው ይህ ግስ ሁለት ነገሮች አንድ ዓይነት መሆናቸውንም፣ አንዱ ሌላውን መምሰሉንም ይገልጣል። ልጃገረድን «አበባ ትመስላለች» ለማለትም እርሱው ይበቃል። አንዱ በምሥራቅ እስያ፣ ሌላው በአፍሪካ ቀንድ የሚነገሩ ሁለት ቋንቋዎች፣ ሁለቱም ግምትን ከመልክ መውለዳቸው አያስደንቅምን?

ኮሪያኛ ግን በዚህ ብቻ አይረካም። ተናጋሪውን «በምን አወቅኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከቤት ሳይወጣ፣ ከውጭ የሚገቡት ሰዎች ጃንጥላ ረጥቦ ያየ ሰው «ቢጋ ኦና ቧዮ» ይላል፤ ከምልክት ተነሥቶ የደረሰበት ነውና። «ሞያንግ» የሚባል ሌላ ቃልም አለ፤ ትርጉሙ ቅርጽ፣ መልክ ነው። በእርሱ ሲነገር «ዝናብ የሚመጣበት መልክ ነው» እንደ ማለት ይሆናል። ዐይን ብቻ ለሚመሰክረው ነገር ደግሞ «ቦይዳ»፣ ማለትም «መታየት» አለ። የዛለውን ባልንጀራቸውን «ፒጎንሄ ቦየዮ» ይሉታል፤ ደክሞህ ትታያለህ።

በእነዚህ መካከል ያለው ድንበር ቀላል አይደለም። ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ያየ መንገደኛ «ማሺንና ቧዮ» ሊል ይችላል፤ «ምግቡ ሳይጣፍጥ አይቀርም» እንደ ማለት ነው። ገብቶ የቀመሰው ሰው ግን እንዲህ አይልም። ምላሱ የመሰከረለትን ነገር ከሰልፉ ርዝመት የገመተ ማስመሰል ይሆንበታልና። እኛም «ሳይሆን አይቀርም»፣ «መሰለኝ»፣ «ይሆናል» የሚሉ መንገዶች አሉን፤ ነገር ግን የትኛውን የት እንደምንረግጥ እምብዛም አንጠነቀቅም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የሐዘን ሰዋስው ነው። አንድ ኮሪያዊ ስለ ራሱ «ስልፐዮ»፣ አዝኛለሁ፣ ይላል። ስለ ሌላ ሰው ሲናገር ግን ይህን ቃል እንዲሁ አንሥቶ በዚያ ሰው ላይ አያኖረውም። ወይ «ስልፐሄዮ» ይላል፤ ሐዘኑን በሁኔታው እያሳየ ነው ማለት ነው። ወይ «ስልፐ ቦየዮ» ይላል፤ አዝኖ ይታያል። የሰው ልብ የተዘጋ ቤት ነው፤ ከደጅ የቆመ ሰው መናገር የሚችለው ከደጅ የታየውን ብቻ ነው። ከዚህ ሕግ ነፃ የሚወጣው የልብ ወለድ ደራሲ ነው። እርሱ የገጸ ባሕርያቱን ልብ ራሱ ስለ ፈጠረው፣ «አዘነች» ብሎ በድፍረት ይጽፋል።

እርግጥ ነው፣ ይህ ጥንቃቄ ልኩን አልፏል የሚሉ ኮሪያውያንም አሉ። አንድ ሰው ስለ ገዛ ስሜቱ ሲጠየቅ እንኳ «ጥሩ ይመስለኛል» ብሎ በ«ጋታዮ» መሸሸጉን ይነቅፋሉ። ትክክል ይመስሉኛል። በሰው ልብ ደጃፍ መቆም ትሕትና ነው፤ በገዛ ልብ ደጃፍ እንደ እንግዳ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝ። ፊርማን ከናሙናው ጋር ሳስተያይ «ይመስላል» አይበቃኝም፤ ወይ ነው፣ ወይ አይደለም። ነገር ግን ፊርማውን ያኖረው ሰው ናሙና የለውም። በአንድ ወቅት አንዲት እናት ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችላቸውን ገንዘብ ሊቀበሉ መጡ። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ከዚያም እንባቸው ወረደ። ከባልደረቦቼ አንዱ «የደስታ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ልጃቸው ናፍቃቸው ነው» አለች። እናትየዋ ግን ምንም አላሉም። መርቀውን ወጡ።

በዚያ ምሽት ስለ እርሳቸው ግጥም ልጽፍ ተቀመጥሁ። «አዘነች» የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ቤትም ይመታል። ሆኖም ያ እንባ የእኔ አልነበረም፤ እናትየዋም የፈጠርኋቸው ገጸ ባሕርይ አልነበሩም። ስለዚህ በሩቅ አገር ሰዋስው ተመክሬ፣ ከደጅ ቆሜ ያየሁትን ብቻ ጻፍሁ። በግጥም እናት «አንቺ» ናትና፣ እንዲህ አልኋት፤

ጉንጭሽን አየሁት፣ ዝናብ እንደ ነካው፤
ደመናሽ ታየ እንጂ ሰማይሽን ማን ለካው?
ያዘንሽ ትመስያለሽ፤ ይህ ነው የኔ ድርሻ፤
የቀረው ያንቺ ነው፣ እስከ መጨረሻ።