የካርዱን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ

የእሑዱን ስብከት ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሕሙማን የምናዘጋጅበት ኮምፒውተር ቪዲዮ ሲያቀናብር ድርግም ብሎ ይጠፋ ነበር። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3080 ነው፤ 320 ዋት ይወስዳል፣ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። አምራቹ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፤ የእኛ 650 ነው። ለአዲስ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም።

በአፍተርበርነር ፕሮግራም ካርዱ በ1,800 ሜጋኸርዝ ከ0.85 ቮልት እንዳያልፍ አደረግሁት፤ ቀድሞ ከ1 ቮልት በላይ ይወጣ ነበር። የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚቀንስ ትንሿ ቅነሳ ብዙ ታሳርፋለች። ፍጥነቱ ብዙም አልጎደለም (እኔንም ገርሞኛል)። 0.80 ላይ ግን ስክሪኑ ጠቆረ። ካርድ ሁሉ እኩል አይችልምና በጥቂት በጥቂቱ አውርዱ፣ በከባድ ሥራም ፈትኑት። ያረጀ ፓወር ሰፕላይን ይህ አያድሰውም፤ እኛም ለአዲሱ እያጠራቀምን ነው።