የጽዱ ሽንቁር

ጽዱ ሲቆረጥ እኔ ሽንቁሩ ውስጥ ነበርኩ። ተንበርክኬ፣ ግማሽ ገላዬ በእኛ በኩል፣ ግማሹ በእትዬ በኩል ሆኖ ሳለ ከራሴ በላይ የገጀራ ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ጠንካራው የጽድ ፍሬ እንደ በረዶ አንገቴ ላይ ረገፈ። ዞር ስል የሻምበል ጫማ ታየኝ፤ ለጓሮ ሥራ የተተወችው ያቺ አሮጌ የወታደር ጫማ። ግንቦት 1973 ዓ.ም. ነበር፤ ስምንት ዓመቴ ነው። ዛሬም ለገና ዋዜማ ሰዎች መንገድ ዳር ጽድ ደርድረው ሲሸጡ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ፣ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ እሁድ ጠዋት ነው።

ሰፈራችን ጉለሌ ነው። ግቢው በሙሉ አንድ ጊዜ የእትዬ ነበር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ከትልቁ ቤት ጀርባ የሚከራዩ ክፍሎች አሠርተው ነበር፤ ሲሞቱም እትዬን የሚያኖራቸው ያ ኪራይ ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣና፣ ሰው ሁሉ በቁጥሩ “47” የሚለው ማለት ነው፣ ክፍሎቹ ትርፍ ተብለው ተወረሱ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ የሚተወው የመኖሪያ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይል ስለነበር ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ፤ ገመድ ወጠሩ፤ ችካል ተከሉ። ከገመዱ ወዲያ የእትዬ፣ ከገመዱ ወዲህ የቀበሌ ሆነ። ወዲህ ከቀሩት ተከራዮች መካከል እኛና ጡረተኛው ሻምበል ነበርን። አባቴ ኪራዩን ለእትዬ መክፈል አቁሞ ለቀበሌ ይከፍል ጀመር። እናቴ ግን እትዬን ቀና ብላ ለማየት ብዙ ጊዜ አፍራ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች፤ የወሰደችባቸው እሷ የሆነች ያህል ይሰማት ነበር።

እትዬ በዚያው ክረምት ገመዱ ባረፈበት መሥመር ላይ የፈረንጅ ጽድ ችግኝ ተከሉ። ይህ ጽድ በየደብሩ ቅጥር ከሚቆመው ከአገራችን ጽድ የተለየ ነው፤ ዘሩ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ሲከረከም እንደ ግድግዳ የሚጠብቅ ነው። በስድስት ዓመት ከሰው ቁመት አልፎ ሄደ። በታችኛው ጫፍ ግን ከአዋጁ በፊት የነበረ አሮጌ ግራዋና ሁለት እግር ጌሾ ስለነበሩ፣ ጽዱ እዚያ ሲደርስ ይሳሳል። ሽንቁሩ የተከፈተው እዚያ ላይ ነው። ማን እንደከፈተው የሚያውቅ የለም፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ነበረ።

በሽንቁሩ የሚያልፈው ልጅና ዶሮ ብቻ ነው። አዋቂ ሰው ከእኛ ቤት እትዬ ዘንድ ለመድረስ በቀበሌው በር ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዞሮ የእትዬን የብረት በር ማንኳኳት ነበረበት። ስለዚህ የሁለቱ ቤት መልእክተኛ እኔ ሆንኩ። እናቴ “እሳት ጭረሽ ነይ” ስትለኝ ገል ይዤ እሾልካለሁ፤ ፍሙን አመድ አልብሼ፣ በአንድ እጄ እየዳሁ እመለሳለሁ። ቡና ሲፈላ እናቴ ከጽዱ ወዲህ ቆማ “እትዬ! ቡና ደርሷል!” ትላለች። ከወዲያ ድምፃቸው ይመጣል፦ “መጣሁ እኅቴ፣ ነጠላዬን ልልበስ።” ሳይተያዩ ነው የሚነጋገሩት። ለእናቴ ይህ በጣም እንደተስማማት አስባለሁ፤ ቀና ብላ ማየት የከበዳትን ሴት በድምፅ ማግኘት ቀሏታል።

ሻምበልን ክፉ አድርጌ እንዳልስል እፈራለሁ፤ ክፉ አልነበሩም። ጓሯቸው ከጽዱ ሥር ጀምሮ በመደብ በመደብ የተከፈለ ነበር፤ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጥግ ላይ ጤናዳም። የጡረታ ገንዘባቸው ለስድስት ልጅ የማይበቃ እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት በጣሳ ሲያጠጡ፣ አንዷን የጎመን ቅጠል ገልብጠው ትል ሲለቅሙ አያቸዋለሁ። ጽዱ ከፍ ሲል ከቀትር በኋላ ጥላው እስከ ሦስተኛው መደብ ይደርስ ጀመር። ከጥላው ሥር ያለው ጎመን ቀጥኖ፣ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን አስረዝሞ፣ ቅጠሉ ይገረጣል። ሥሩም ውኃውን ይሻማል፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት እንኳ ከጽዱ አጠገብ ያለው አፈር እንደ አመድ ነበር። “መሬቴን እየበላው ነው” ይሉ ነበር ሻምበል፣ በእርምጃ እየለኩ። እውነታቸውን ነው። አጥር ሆኖ የተተከለ ዛፍ በየዓመቱ ወደ ጎንም ይወፍራል፤ የገመዱ መሥመር በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ክንድ ሆኖ ነበር።

አንድ ሁለት ጊዜ በጨዋ ደንብ ጠየቁ። “እትዬ፣ ከላይ ከላይ ቢከረከም?” እትዬም “ይደረጋል ሻምበል” ይላሉ። አይደረግም። ሻምበል ያላወቁትን አውቅ የነበርኩት እኔ ነኝ።

እሳት ልጭር ማልጄ ስገባ እትዬ ከጽዱ ጀርባ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጋን በግራዋ ቅጠል ሲያጥቡ አገኛቸው ነበር። ያጠቡትን በወይራ ያጥናሉ። ጌሾ የሚወቀጠውም እዚያው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ከዚያ ፈገግ ብለው “ለዝክር ነው የኔ ልጅ፣ የሚካኤል” አሉኝ። በሳምንቱ የገብርኤል ሆነ። ቀጥሎ የመድኃኔ ዓለም። ወሩ ሲገባ የአቦ። ሲመሽ አንዲት ሴት በብረት በሩ በኩል ጀሪካን የጫነች አህያ እየነዳች ትመጣና ዝክሩን ጭና ትሄዳለች። እኔ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬን የሚያህል ጻድቅ የለም ብዬ አምን ነበር።

ይህንኑ እምነቴን አንድ ቀን ቡና ላይ ተናገርኩ። የሻምበል ባለቤት ነበሩ፤ ሌሎችም ሁለት ጎረቤቶች። “እትዬ እኮ በየሳምንቱ ዝክር አላቸው! ጋን ሙሉ ጠላ ነው የሚጠምቁት!” አልኩ፣ ላመሰግናቸው። ስኒ የያዙ እጆች ባሉበት ቆሙ። እናቴ ያየችኝ አስተያየት ዛሬም ፊቴን ያሞቀዋል። የሻምበል ባለቤት ግን ስኒያቸውን ወደ ረከቦቱ መለስ አድርገው “ቡናው እንዴት ጥሟል” አሉ፤ ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ዞረ። ማታ እናቴ ጠራችኝና ምንም ሳትቆጣ “በሽንቁር ያየሽውን እዚያው ሽንቁሩ ጋ ትተሽው ነይ” አለችኝ። ብቻዬን ጥግ ይዤ አለቀስኩ፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ያ እሁድ ነው። ሻምበል እትዬ ቤተ ክርስቲያን መሆናቸውን አይተው ነው የጀመሩት። ምናልባት ፊት ለፊት ለመጨቃጨቅ ፈርተው ይሆናል። በገጀራና በመጋዝ እስከ ደረታቸው ድረስ አወረዱት፤ በእሳቸው በኩል ያለውን ጎኑንም አረንጓዴውን አልፈው እስከ ቡናማው ባዶ እንጨት ከረከሙት። ከሽንቁሩ ወጥቼ ስቆም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእትዬን ጓሮ ከእኛ በኩል ቆሜ አየሁት። ከሻምበል ደጅ፣ ከእኛ ደጅ፣ ከቀበሌው ክፍሎች ሁሉ ይታያል። አራት ጋኖች ታጥበው፣ አፋቸውን ደፍተው፣ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። የጌሾ ሙቀጫው፣ የብቅሉ ሰሌን፣ ጀሪካኖቹ። ሻምበል ገጀራውን እንደያዙ ዝም አሉ። እሳቸውም ያን ጊዜ ነው ያዩት።

እትዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሰው ሁሉ በየደጁ ነበር። አልጮኹም። ጓሯቸው መሐል ቆሙ፤ ከዚያ ነጭ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወለቁና ጋኖቹ ላይ ዘረጉት። አንድ ነጠላ አራት ጋን አይሸፍንም፤ ወዲህ ሲስቡት ወዲያ ይገለጣል። ደጋግመው ሞከሩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ በተለመደው ድምፃቸው፣ “ሻምበል፣ በቁሜ ገፈፉኝ” ብለው ገቡ።

የተቆረጠው ጽድ ተከምሮ ዋለ። በዚያ ዘመን ለማገዶ ሴቶች ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ይወርዱ ነበር፤ ደጃችን የወደቀውን ነጻ እንጨት ግን የነካው የለም። እናቴ “ከዚያ አንድ ጭራሮ እቤቴ እንዳይገባ” አለች። የሻምበል ባለቤትም አላነሱትም። ክምሩ እዚያው ቀላ።

እትዬ ከሰሱ። ያው አዋጅ ያቋቋመው የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሦስት ዳኞች ነበሩት፤ መጥተው ጽዱን በሜትር ለኩ፤ ግንዱ መሥመሩ ላይ መሆኑን አረጋገጡ፤ ከእንግዲህ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው እንዲከረክሙ ወሰኑ። አንዱም ወገን አልረካም። ብዙ ዓመት ቆይቼ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳነብ፣ ባለ ርስት ጎረቤቱን ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ጩኸት እንዳያውክ የሚለው አንቀጽ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሻምበል የከሰሱት ጥላን ነበር፤ እትዬ የከሰሱት ዓይንን። ዳኞቹ ሁለቱንም የሚለኩበት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የያዙት ሜትር ነበርና እሱኑ ዘረጉት። በአማርኛችን “ገበና” የሚል ቃል እያለ በሸንጎው መዝገብ ላይ የሰፈረው “ስለ አጥር ቁመት” መሆኑ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሻምበል ክረምቱ ሲገባ ጽዱ ያቆጠቁጣል ብለው ጠበቁ። ግራዋ ከግንዱ ቢቆረጥ በሳምንታት ውስጥ ይለመልማል፤ ጌሾም እንዲሁ። የፈረንጅ ጽድ ግን አረንጓዴው ከተነካና ወደ ደረቁ እንጨት ከተገባ ዳግመኛ አያበቅልም። ይህን የሚያውቅ ሰው በግቢው አልነበረም። ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴ አለፈ፤ ጎኑ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ሻምበል በዝናብ ውስጥ ኮታቸውን ደርበው ከጽዱ ፊት ቆመው ቅርንጫፉን በጣታቸው ሲፍቁ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ሲፈልጉ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። አባቴን “አልመሰለኝም ነበር” ሲሉትም ሰምቻለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ልገዛ ሄጄ ስመለስ የሚስማር ድምፅ ሰማሁ። ሻምበል ሦስት አጠና ተክለው አሮጌ ቆርቆሮ እየመቱ ነበር፤ የዶሮ ቤታቸውን ክዳን አንሥተው ነው ያመጡት። ያቆሙት በእሳቸው በኩል፣ ጎመናቸው መደብ ላይ ነው፤ በቁመቱም ከቀድሞው ጽድ አያንስም። ከሥሩ የግራዋ ቁራጭ በመደዳ ተክለዋል። አንድ መደብ ጎመን እንዳለ ጥላ ውስጥ ገባ። እትዬ ከወዲያ ቆመው እንደነበር አውቃለሁ፤ በሽንቁሩ እግራቸው ይታየኝ ነበር። ምንም አላሉም። ሚስማሩ እስኪያልቅ ግን ከዚያ አልተነቃነቁም።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ በረንዳዬ ከጎረቤቴ በረንዳ በአንድ ክንድ ይርቃል፤ ሁለታችንም መጋረጃ ሰቅለናል። ልብስ ላሰጣ ስወጣ እሷም ወጥታ እንደሆነ ከመጋረጃው ጀርባ አውቃለሁ። “እንደምን አደርሽ” እላታለሁ፣ ሳላያት።

ያኔ፣ ቆርቆሮው ከቆመ በኋላ በመጣው የመስቀል ዕለት፣ እትዬ ጠሩኝ። ማሰሮ ሙሉ ጠላ፣ በላዩ ቅጠል ጎዝጉዘው ሰጡኝና “ለሻምበል ስጪልኝ፤ እንዳይፈስብሽ” አሉኝ። በሽንቁሩ ማሰሮውን አስቀድሜ፣ እኔ ተከትዬ ሾለክሁ። ሻምበል ደጃቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማሰሮውን ሳቀርብላቸው ያን ቀን ቡና ላይ የሆነው ትዝ አለኝና አፌ ተሳሰረ።

“ምንድነው ይሄ?” አሉኝ።

“ለዝክር ነው” አልኳቸው። “የእትዬ ዝክር።”

ወደ ቆርቆሮው አየት አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው ማሰሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ለራሳቸው በዋንጫ ቀድተው ቆመው ቀመሱት።

“ዝክራቸውን ይቀበልላቸው በያቸው” አሉኝ። ጠላውን በእንስራቸው ገለበጡ፤ ማሰሮውን አለቅልቀው፣ ከፀሐዩ በኩል ካለው መደብ የቆረጡትን ጎመን ጨምረውበት፣ እስከ ሽንቁሩ ድረስ ተሸክመውልኝ መጡ።