የስልኩን ቢል ለስንት እንካፈል?

ከጓደኞቻችሁ ጋር ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ የመብራትና የውሃ ሂሳብ መካፈልን ታውቁታላችሁ። የእኛ ዘመን ራስ ምታት ግን የስልክ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አራት ወንድሞች ሆነን ዋሺንግተን ዲሲ አጠገብ በአንድ አፓርታማ እንኖር ነበር። ስልኩ አንድ፣ በየወሩ የሚመጣውም ቢል አንድ ነው። ወደ ኢትዮጵያ መደወል ለአንድ ደቂቃ ከዶላር በላይ ያስከፍላል። ቢሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተደወለበትን ቁጥርና ደቂቃውን ይዘረዝራል፤ ማን እንደደወለ ግን አይናገርም። ሁላችንም የምንደውለው ወደ 251 ስለሆነ በአገር ኮድ መለየት አይቻል ነገር!

በመጀመሪያው ወር አንዳችን፣ «ወንድማማቾች አይደለንም እንዴ? እኩል እንካፈል» አለ። ደስ ይላል፣ አይደል? እስቲ ግን አስቡት። የአራተኛው ልጅ ወላጆች ገጠር ናቸው፤ በአካባቢያቸው ስልክ የለም። ደብዳቤ ነው የሚጽፍላቸው። እኩል ከተካፈልን፣ እኛ ከእናቶቻችን ጋር ላወራንበት እሱ ሊከፍል ነው። ዝምተኛ ስለሆነ ደግሞ ቅር ቢለውም አይናገርም። እንዲህ ያለው ፍቅር የሚመቸው ብዙ ለሚደውል ሰው ነው።

ስለዚህ እርሳስ አመጣን። ቢሉ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋዋለን፤ እያንዳንዱ በደወለበት መስመር አጠገብ ስሙን ይጽፋል። ስልኩ ለሁላችንም ስለሚጮህ የመስመሩ ወርሃዊ ክፍያ ለአራት። በግብሩ ላይ ትንሽ ተከራከርን። ያን ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት በርቀት ጥሪ ላይ 3 በመቶ ያስከፍል ነበር (በ2006 እ.ኤ.አ. ቀርቷል)። በኋላ ግብሩ ጥሪውን ይከተል ተባለ፦ የ60 ዶላር የደወለ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይጨምራል፣ ያልደወለ ምንም።

ያስቸገሩን ባለቤት ያልተገኘላቸው መስመሮች ናቸው። እሁድ ከጉባኤ በኋላ ቤታችን እንግዳ አይጠፋም። «አንድ ጊዜ ደኅንነታቸውን ብቻ ልጠይቅ» ይላል፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ከወር በኋላ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ማን ያስታውሳል? በሌሎች ቤቶች በዚህ የተነሳ እርስ በርስ ሲጠራጠሩና ሲኮራረፉ አይቻለሁ፤ ያውም ለሁለት ዶላር። እኛ አጠገቡ «የቤቱ» ብለን እንጽፍና ለአራት እናካፍለዋለን፤ እንግዳ የሁላችንም ነውና።

አንድ ወር ማናችንም የማናውቀው ቁጥር መጣ፤ 11 ደቂቃ። «የቤቱ» ብዬ ልጽፍ ስል አራተኛው ልጅ እርሳሱን ከእጄ ወስዶ ስሙን ጻፈበት። ለካስ ከተማ ያለው አጎቱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ስልክ አለ፤ እናቱ የዚያን ቀን ገበያ ወጥተው ኖሯል። ከ11ዱ ደቂቃ ግማሹ እሳቸው ተጠርተው እስኪመጡ የጠበቀበት ነው። ድርሻውን፣ የግብሯን ሳንቲም ጨምሮ፣ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።